አንድ ምስክር አይበቃም፦ የድሮ መፍቻን ዕድሜ ስለማወቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቸርችል ጎዳና አጠገብ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ለተሰበሰቡ መካኒኮች፣ የቴክኒክ ተማሪዎችና የድሮ ዕቃ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ወዳጆች ስለጠየቁኝ እንዳለ ጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ! እንደምን ዋላችሁ የሙያ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ሶማሌ ተራ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ፣ ከጋራዥ እጃችሁን ታጥባችሁ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ከትምህርት ቤት የመጣችሁ ልጆች፣ ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶች ብዙዎቻችሁ ይህን ሙያ ከእኔ በፊት የጀመራችሁ ናችሁ። ስሳሳት አርሙኝ።

ይህን በእጄ የያዝኩትን እዩት። መፍቻ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ልጠይቃችሁ። ይህ መፍቻ ስንት ዓመቱ ነው? የት አገር ተሠራ? ለየትኛው መኪና ተሠራ? አያችሁ፣ ዝም አላችሁ። እኔም ሃያ ዓመት ያህል በመፍቻ እንጀራ ስበላ አንድም ቀን ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ለምን ተነሣ? ከተማችን እየተቀየረች ነው። ፒያሳ አካባቢ ስንት የቆየ ቤት ተነሣ። ጋራዥ ሲነሣ ደግሞ የዕቃ ሳጥኑ ይከፈታል። አባት ያረፈበት ቤት ሳጥኑ ይከፈታል። ከዚያ በኋላስ? በር ላይ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። በኪሎ ይመዘናል። ይሄዳል። አንድ ቀን ምናለሽ ተራ አንድ ጆንያ ሙሉ መፍቻ ለማቅለጫ ተመዝኖ ሲጫን ደረስኩ። ለምኜ አሥራ አንድ አወጣሁ። ሌላውን አልደረስኩበትም። እዚህ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት እነዚያ አሥራ አንዱና ሌሎችም ናቸው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ መፍቻ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ዕድሜውን ከራሱ ላይ እንዴት እናነባለን? ሦስተኛ፣ ቤት ያለውን ምን እናድርገው? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የመጣሁት ለእሱ ነውና።

ወደ አንደኛው ልግባ።

መፍቻ የብሎን ልጅ ነው። ብሎን በእጅ በሚሠራበት ዘመን እያንዳንዱ ዳዶ፣ ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ባለ ቀዳዳው ብረት፣ የራሱ መጠን ነበረው። የአንዱ አንጥረኛ ዳዶ ለሌላው መፍቻ አይሆንም። ታዲያ ሠራተኛው ምን ያድርግ? አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ ፈለገ። በአሜሪካ ዎስተር ከተማ ሎሪንግ ኮስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1841 የፈጠራ መብት ያገኘበት መፍቻ ይህን ችግር በደንብ ያቃለለ ነው። መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ባለ ጥርስ ብሎን እጀታው ጎን ላይ ስለሆነ፣ መፍቻውን በያዝክበት እጅ በአውራ ጣትህ ታስተካክለዋለህ። በዚያው በ1841፣ በእንግሊዝ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የብሎን ጥርስ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ተመልከቱልኝ! አንዱ «ዳዶው የፈለገውን ይሁን፣ መፍቻው ይለወጥለት» አለ። ሌላው «ዳዶው ራሱ ሥርዓት ይያዝ» አለ። ዛሬ በሳጥናችን ያለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ሐሳቦች ልጅ ነው።

ዛሬ በየሳጥኑ ያለው ባለ ጠመዝማዛው የሚስተካከል መፍቻ ደግሞ የስዊድኑ የዩሃን ፔተር ዩሃንሰን ሥራ ነው። ኤንሾፒንግ በምትባል ከተማ የጥገና ሥራ ይሠራ ነበር። የሰው ማሽን ሊጠግን ሲሄድ ብዙ መፍቻ መሸከም ነበረበት። ሰለቸው። እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ባሕኮ የሚለው የንግድ ስም ከእሱ መፍቻ ጋር ነው ዓለምን የዞረው። ልጆች፣ ልብ በሉ፤ ይህን የፈጠረው ሸክም የከበደው መካኒክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። በስልካችሁ ደርሷችሁ ይሆናል፤ «መፍቻን የፈጠረው ጥቁሩ ቦክሰኛ ጃክ ጆንሰን ነው፣ ነጮቹ እሱን ለመስደብ ሞንኪ ሬንች፣ የጦጣ መፍቻ አሉት» የሚል። ብዙ ሰው በቅንነት ይልከዋል። ጃክ ጆንሰን ትልቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1915 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ፣ ያንን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር። በ1922 ደግሞ በመፍቻ ላይ ላደረገው ማሻሻያ በእርግጥም የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። ቁጥሩ 1,413,121 ነው። ግን እሱ የተወለደው በ1878 ነው። ሞንኪ ሬንች የሚለው ስም ከእሱ ልደት በፊት ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ እውነተኛውን ክብሩን እንስጠው። የሰው እውነተኛ ሥራ እያለ በተረት መሸፈን አያስፈልግም። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ቆይቶ ይጠቅመናል።

ወደ ሁለተኛው ነገር መጣሁ። ዕድሜውን እንዴት እናነባለን?

አገራችን አንድ የቆየ ደንብ አላት። በአንድ ምስክር አይፈረድም። ሁለት፣ ሦስት ምስክር ይቆማል። መፍቻም እንደዚያ ነው። መፍቻ ላይ ያለ እያንዳንዱ ምልክት ምስክር ነው። አንዱ ምስክር ሊያሳስት ይችላል። ሁለቱ ሲስማሙ ግን ትፈርዳለህ። አንድ ምስክር አይበቃም! ከዛሬ ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። አንድ ምስክር አይበቃም!

የመጀመሪያው ምስክር የተጻፈው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ረዳት ነበርኩ። አንድ ቮልስ መጣች። አለቃዬ «አሥራ ሦስት አምጣ» አለኝ። አሥራ ሦስቱ ጠፋ። ሳጥኑን ስፈትሽ ዳዶው ላይ የሚገባ አንድ አሮጌ መፍቻ አገኘሁ። ላዩ ላይ 1/4 ይላል፤ አጠገቡ ዳብሊው የምትባለው የፈረንጅ ፊደል አለች። ገባ ብዬ ደስ አለኝ። በኃይል ስበው ዳዶው ተላጠ። ክብ ሆነ። አለቃዬ ምን እንዳደረገኝ አልነግራችሁም። በኋላ ግን ጠርቶ «አንተ ልጅ፣ ይህ የእንግሊዝ ነው። የእንግሊዝ ቁጥር የብሎኑ ውፍረት ነው እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም» አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

አሁን ላስረዳችሁ። በዊትዎርዝ ሥርዓት መፍቻው ላይ የሚጻፈው የብሎኑ ውፍረት ነው። 1/4 የሚለው የዊትዎርዝ መፍቻ አፉ 13.3 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። 1/4 የሚል የአሜሪካ መፍቻ ግን አፉ ራሱ ሩብ ኢንች ነው፤ 6.35 ሚሊሜትር። አንድ ቁጥር፣ ሁለት መፍቻ፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ! እና ያ የቮልሷ ዳዶ 13 ነበር። በሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ነው የተላጠው።

ይህ ለዕድሜ ምን ይረዳል? የእንግሊዙ ቀጭን ጥርስ ብሎን፣ ቢ ኤስ ኤፍ የሚባለው፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ይህ ምልክት ካለው መፍቻው ከዚያ አይቀድምም። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በአንድ የብሎን ጥርስ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ነው የእንግሊዝ መፍቻዎች ላይ ኤ ኤፍ የሚለው እየበዛ የመጣው፤ የአፉን ስፋት የሚናገር ማለት ነው። ላንድሮቨር የሠራችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ፤ በአንድ መኪና ላይ ሁለቱም ዓይነት ብሎን ያጋጥማል።

በሚሊሜትሩም በኩል ታሪክ አለ። በቆዩት የጀርመንና የጣሊያን መኪኖች ላይ የ8 ሚሊሜትር ብሎን ራሱ 13 ነው፤ የ10 ሚሊሜትሩ 17፣ የ12ቱ 19። የጃፓን መኪና ላይ ግን የ8ቱ 12፣ የ10ሩ 14፣ የ12ቱ 17 ነው። ስለዚህ የአንድን መካኒክ ሳጥን ክፈቱና የትኛው መፍቻ እንደተበላ እዩ። 13ቱና 19ኙ አፋቸው ከተበላ ሰውየው ፊያትና ቮልስ ሲሠራ ኖሯል። 12ቱና 14ቱ ከተበሉ በቶዮታ ዘመን የነበረ ሰው ነው። እኔ ይህን ሳይ ልቤ ይነካል። የሰው ዕድሜ በብረት አፍ ላይ ተጽፎ!

ሁለተኛው ምስክር የአገር ስም ነው። በጀርመን መፍቻ ላይ ዲ አር ፒ ወይም ዲ አር ጂ ኤም የሚል ካያችሁ፣ የቀድሞው የጀርመን መንግሥት የፈጠራ ምዝገባ ነው። የመጀመሪያው ከ1877፣ ሁለተኛው ከ1891 ጀምሮ፣ እስከ 1945። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለው ከ1949 አይቀድምም፣ ከ1990 ብዙ አይዘገይም። ዲን የሚል የጀርመን የደረጃ ድርጅት ምልክት ካለው ከ1917 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ድርጅቱ ራሱ ያኔ ነውና የተቋቋመው። የሶቪየት መፍቻ ላይ ዋጋው በሩብልና በኮፔክ ተቀርጾ ታገኛላችሁ። አምስት ጎን ያለው የጥራት ምልክት ካለው ደግሞ ከ1967 ወዲህ ነው። እነዚህም ሆኑ ቀጥዬ የምጠራቸው የፋብሪካና የፈጠራ መብት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የፋብሪካ ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሃዜት የሚለው የመሥራቹ የሄርማን ዜርፈር ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሲጠሩ ነው፤ ፋብሪካው ከ1868 ጀምሮ አለ። ጌዶሬ «የዶቪዳት ወንድማማቾች፣ ሬምሻይድ» ማለት ነው፤ ሬምሻይድ የጀርመን ከተማ ናት፤ ከ1919 ጀምሮ። ሁለቱም ዛሬም ይሠራሉ። ስለዚህ «ሃዜት ነው፣ ስለዚህ 1868 ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትግዙት። ፋብሪካው የተወለደበት ቀን የመፍቻው የልደት ቀን አይደለም።

ሦስተኛው ምስክር የፈጠራ መብት ቀንና ቁጥር ነው፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ቀኑን ነበር የሚያትሙት። ከ1927 ወዲህ ሕጉ ቁጥሩን እንዲያትሙ አደረገ። ስለዚህ ቀን ብቻ ያለው በአብዛኛው ከዚያ በፊት፣ ቁጥር ያለው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩንም ለማንበብ ሦስት ዓመት ብቻ በቃላችሁ ያዙ። አንድ ሚሊዮንኛው የተሰጠው በ1911 ነው። ሁለት ሚሊዮንኛው በ1935። ሦስት ሚሊዮንኛው በ1961። አሁን የጃክ ጆንሰንን ቁጥር መልሱልኝ። 1,413,121። በአንድና በሁለት ሚሊዮን መካከል ነው። በ1911 እና በ1935 መካከል! እውነትም 1922 ነው። አያችሁ፣ መጽሐፍ ሳትገልጡ አነበባችሁት።

ግን አደራ! ይህ ሐሳቡ የተመዘገበበት ጊዜ ነው እንጂ ብረቱ የተቀጠቀጠበት አይደለም። መብቱ ያኔ 17 ዓመት ይቆይ ነበር። ፋብሪካው ያንኑ ቀን እያተመ ስንት ዓመት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ የሚነግረን «ከዚህ አልቀድምም» ብቻ ነው።

አራተኛው ምስክር ቆዳው ነው። የሚያብረቀርቅ ክሮም መፍቻ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ኒኬል ነበር፣ ወይም የተወለወለ ባዶ ብረት፣ ወይም ጥቁር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ክሮምና ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ብዙውን ያለ ክሮም አወጡት። ስለዚህ ቅርጹ አዲስ፣ ቆዳው ሻካራና ጥቁር የሆነ አሜሪካዊ መፍቻ ካገኛችሁ፣ በጦርነቱ ዓመታት የተሠራ ሊሆን ይችላልና ሌላ ምስክር ፈልጉለት። ክሮም ቫናዲየም የሚለው ጽሑፍም አለ፤ የብረቱን ዓይነት ነው የሚናገረው። ዛሬም ስለሚጻፍ ለዕድሜ ብዙ አይረዳም።

አሁን የሚያሳቅቀኝንም የሚያስደስተኝንም ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት የአባቷን ሳጥን ይዛ መጣች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር፤ አርፏል። ከሳጥኑ አንድ ክፍት መፍቻ አወጣች፤ 17 እና 19። እጀታው ላይ በነጥብ በነጥብ ተመትቶ የአባቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል በእኛ ፊደል አለ፤ ከጎኑ 1948 ይላል። እኔ ቸኮልኩ። «ይህ እንግዲህ በፈረንጅ 1948 ነው፤ በእኛ 1940 ወይም 41 መሆኑ ነው» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ አባቴ ያኔ ገጠር ነበር። አዲስ አበባን አላያትም» አለችኝ።

አፈርኩ። መፍቻውን እንደገና አየሁት። በጠመኔ ቀባሁት። ከዝገቱ ሥር «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ወጣ። ምዕራብ ጀርመን የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው! በ1948 ያ ጽሑፍ ሊኖር አይችልም። ታዲያ 1948 ምንድን ነው? የእኛ 1948 ነው። የኢትዮጵያ 1948፣ በፈረንጅ ከመስከረም 1955 እስከ መስከረም 1956 ማለት ነው። ሁለቱ ምስክሮች ሲቆሙ መፍቻው ከሁለት ወገን ተከበበ። ከ1949 አይቀድምም፣ ከ1956 አይዘገይም። የሰባት ዓመት ክልል ውስጥ ገባ። ይህን ስነግራት አለቀሰች። «ሥራ የጀመርኩት በ48 ነው እያለ ይነግረን ነበር» አለች። የመጀመሪያ መፍቻው ይሆናል።

ወንድሞቼ፣ ይህን ዓይነት ምስክር የሬምሻይድ ፋብሪካ መዝገብ አይሰጣችሁም። ይህን የሚሰጠው የእኛ ሳጥን ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመት ስትጽፉ እባካችሁ ዓመተ ምሕረት ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ጨምሩበት። የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ለመፍቻ ትልቅ ስሕተት ነው።

አንድ ተማሪ ቀድሞ ጠይቆኛል፤ ክፍት መፍቻ አንገቱ ለምን ጋደድ አለ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በአጭሩ ልመልስ። አብዛኛውን ጊዜ 15 ዲግሪ ነው። ዳዶው ስድስት ጎን ስለሆነ መፍቻው እንደገና ለመንከስ 60 ዲግሪ መዞር ነበረበት። አንገቱ ሲጋደድ ግን መፍቻውን ገልብጠህ ስታስገባው 30 ዲግሪ ይበቃሃል። ጠባብ ቦታ ላይ እጃችሁ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሦስተኛው ነገር። ቤት ያለውን ምን እናድርገው?

ከሁሉ በፊት፣ በድንጋይ አትፋቁት! በሽቦ ጎማ አትምቱት! እኔ ከአባቴ የወረስኩትን መፍቻ ላሳምረው ብዬ በግራይንደር ፋቅኩት። እንደ መስታወት አበራ። ጽሑፉ ግን ጠፋ። ዛሬ ያ መፍቻ ቤቴ አለ፤ ከየት እንደመጣ ግን ሊነግረኝ አይችልም። ምስክሩን በገዛ እጄ አፉን ዘጋሁት። እናንተ አታድርጉት።

እንዲህ አድርጉ። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድሩት። በማግሥቱ በጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። አድርቁት። ከዚያ ጠመኔ ቀብታችሁ ላዩን በጣታችሁ ጥረጉት፤ ጠመኔው የተቀረጸው ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የስልካችሁን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩበት፤ ያልታየ ፊደል ጥላ ይጥላል። ፎቶ አንሱት። ሁለቱንም ጎን። ከዚያ በዘይት በረጠበ ጨርቅ አብሱት።

በመጨረሻም የማን እንደነበር ጻፉ። የት ጋራዥ፣ የትኛው መኪና፣ መቼ። አባቶች፣ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ልጆች፣ እባካችሁ ጠይቁ። ዛሬ ማታ ጠይቁ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሥራው ግን አላለቀም። ጠረጴዛው ላይ ጠመኔና ማጉያ መነጽር አለ። ያመጣችሁትን አውጡ። ይህች መጀመሪያ ያሳየኋችሁ ደግሞ ከዚያ ከምናለሽ ተራ ጆንያ የወጣች ናት። አንድ ጎኗ ላይ 5/16 ይነበባል፤ ከአጠገቡ ያለው ፊደል ተበልቷል። ቆዳዋ ጥቁር ነው። ዊትዎርዝ ናት ወይስ የአሜሪካ? አፏን ለመለካት ካሊፐር የያዘ ሰው ማን አለ? እስቲ ወደዚህ ይምጣ።